ናዳው ላይ ያስቀመጥሁት ቅል

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘጠኝ ይሁን ዐሥር እናቴም እርግጠኛ አልነበረችም፤ "በሬያችን ገደል የገባ ዓመት ነው የወለድሁህ" ነበር የምትለኝ። እኔ ዘጠኝ ብያለሁ፣ ዘጠኝ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ነሐሴ የሸተተኝ አፈር ነው። የልጅ ልጄ ባሕር ዳር ቢሮ ትሠራለች፤ ቤቷ ዘንዘልማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ሃይኪንግ የሚሉት ነገር አላቸው። ምን እንደሆነ ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ ማንም ሳይልክህ፣ የምታመጣው ነገርም ሳይኖር፣ ዳገት መውጣት ነው። ወዴት ናችሁ ብላቸው ወደ ላይኛው ፏፏቴ አሉኝ። "እኔም እመጣለሁ" አልሁ።

"አባባ፣ መንገዱን ጎርፍ በልቶታል እኮ" አለች።

"ድሮም ይበላው ነበር" አልኋት። ልትከራከረኝ ስትሞክር ዱላዬን ይዤ ባጃጁ ውስጥ ቀድሜ ተቀመጥሁ።

ጫካው ግማሹ የለም፤ ባሕር ዛፍ ሆኗል። የቀሩት ዶቅማዎች ግን ያው ናቸው። እነሱን አልፈን ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ ቁርጥ አለ። ከላይ ተንዶ ቀይ አፈር ከነሥሩ ተገልብጧል። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ተነሡ። እኔን ሽታው ያዘኝ። የተናደ አፈር ሽታው የታረሰ መሬት ሽታ አይደለም። ከታች ኖሮ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ አፈር ነው፤ የተበጠሰ ሥር ይሸታል፣ የተፈነከተ ድንጋይ ይሸታል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ።

"አባባ፣ ደከመዎት?" አለኝ ከልጆቹ አንዱ።

"አልደከመኝም። ሂዱ፣ ተነሡ ፎቷችሁን" አልሁት።

እና ያ ዓመት እንዲህ ነበር።

ቤታችን ከዘንዘልማ አለፍ ብሎ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ጣና ከሩቅ ብልጭ የሚልበት ቦታ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቴ እናኑ በጥር ሌላ ባል አገባች። ሰውየው ይስማው ይባላል፤ አያ ይስማው እለዋለሁ። የመጣው ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ ነው። ዓሣ አጥማጅና ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ዓሣ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ሲመላለስ እናቴን ገበያ ላይ አያትና ታንኳውን ለወንድሙ ሰጥቶ መጣ።

ሐይቅ ላይ ያደገ ሰው እርሻ አያውቅም። እሱ በሬ ሲጠምድ ጎረቤት ሥራውን አቁሞ ያያል። አጠገባችን የሚያርሰው አያ በላይ፣ "ይስማው፣ በግራ ቅዘፍ! በሬው ሊሰምጥብህ ነው!" እያለ ይጮህበታል። አያ ይስማው አይቆጣም። "ውሃ ቢሆን እስካሁን ተሻግሬ ነበር" ይላል፤ ትልሙም እንደ እባብ ተጣሞ ይቀራል። ሰው ይስቃል። እኔ ግን አፍር ነበር፤ የአባቴ ትልም ቀጥ ያለ ነበራ።

ደግሞ ስንነጋገር አባቴን "አንተ" ነበር የምለው፤ አያ ይስማውን "እርስዎ" አልሁት። ሰው ሁሉ "እናኑ ጨዋ ልጅ አሳድጋለች" አለ። ጨዋነት አልነበረም፤ ላርቀው ነው። እሱ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። "እሺ የኔ ጌታ" እያለ ይመልስልኝ ነበር።

የሰፈር ልጆች የሐይቅ ሰው እንደ ዓሣ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው ብለውኛል። ላረጋግጥ ብዬ ቁርበቴ ላይ ጋደም እልና አየዋለሁ፤ ሁልጊዜ እኔ ቀድሜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስለዚህ ይገልጣል ብዬ ወሰንሁ። ለልጆቹም "በዓይኔ አየሁ" ብዬ መሰከርሁ።

በሰኔ እናቴ ተኛች። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እግሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ቀጠነ። የባሕር ዳሩ ክሊኒክ ድሬሰር የሰጣት ክኒን አለቀ። መልሰን ባሕር ዳር እንዳንወስዳት መንገዱ ጭቃ፣ ሰዉ ሁሉ አረም ላይ፤ ቃሬዛ የሚሸከም ጠፋ። ሐምሌም እንዲሁ አለፈ። እኔ ነገሩን በራሴ መንገድ ተረድቼው ነበር፤ አባቴ ሲሞት እሷ እዚያው ነበረች፣ ሞትም ቤቱን አውቆታል፣ ሁለተኛውን ባል አይቶ ተቆጥቶ ተመለሰ ብዬ።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ መጡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ዝናም ያራሰውን ነጠላቸውን እየጨመቁ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ነገሩን።

"ከላይኛው ፏፏቴ፣ ከሚካኤል ፀበል ሰባት ቀን ትጠጣ። የሚያመጣው የማኅፀኗ ልጅ ይሁን፤ ጾሞ ይሂድ። ውሃው ከተቀዳ በኋላ እሷ አፍ እስኪደርስ መሬት አይንካ። ሰባቱም ቀን በፍልሰታ ውስጥ ይለቅ። መሐል ላይ ከተበላሸ ከአንድ ይጀመራል።"

"እሷን አዝለን ብንወጣስ አባ?" አለ አያ ይስማው።

"በዚያ ጥርጊያ? ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ?"

"እሺ። ልጁን ይዤ እኔ እሄዳለሁ።"

ቄስ ሞላ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "አንተ? ዳገት ታውቃለህ?"

"ልጁ ያውቃል" አለ።

ነሐሴ ሦስት ጀመርን። አንገቱ ረጅም፣ ቂጡ ክብ የሆነ ቅል ነበር፤ እናቴ ጠፍር አሠረችበት። ጠፍሩ የእርሻ ጠፍር ስለሆነ ረጅም ነው፤ ደረቴ ላይ ሁለት ጊዜ ይዞርና ወገቤ ላይ ይቋጠራል። አፉን በወይራ ቅጠል እንወትፈዋለን። ለእረፍት ስንቆም ቅርንጫፍ ላይ እሰቅለዋለሁ እንጂ አላወርደውም። የሣር ገሣችንን ለብሰን ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን፤ ረፋድ ላይ ፏፏቴው ዘንድ እንደርሳለን፤ ከቀትር በኋላ ቤት ነን።

ያን ጫካ እንዴት ልንገራችሁ። ክረምት ከሆነ ከውስጥ ሳይዘንብም ይዘንባል። ዶቅማው ላይ ያደረ ውሃ ጉሬዛ ሲዘል ይወርድብሃል። መሬቱ የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ ስትረግጠው ይተነፍሳል። አልቅት ቅጠል ላይ ቆሞ አንገቱን እያወዛወዘ ይጠብቅሃል። ፏፏቴውን ከማየትህ በፊት በእግርህ ትሰማዋለህ፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ቀን ጭጋጉ ከዛፍ በላይ ሲወጣ አይቼ የሆነ ሰው ከሰል የሚያከስል መሰለኝ። ቀርቤ ፊቴን ሲያርሰው ጢሱ ለምን ቀዘቀዘ ብዬ ግራ ገባኝ።

ውሃውን የምቀዳው እኔ ነኝ። አያ ይስማው ጀርባዬን ይዞ ይቆማል። ሞልቼ ስወትፈው "ቆየኝ" ይልና ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ኋላ ይሄዳል። ሲመለስ ፊቱ ርሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። በየቀኑ እንዲሁ።

እኔ ሐሳቤን አሰላሁ። ፀበል የሚፈውሰው ልክ አለው፤ እንደ እህል ያልቃል። ይህ ሰው እናቴ ሳትጠጣ በፊት ከቋጥኙ ኋላ እየታጠበበት ነው። ድርሻዋን እየሰረቃት ነው። ለዚህ ነው ሦስት ቀን ጠጥታ ያልተነሣችው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ግን መንገድ ላይ ሲያናግረኝ መመለስ አቆምሁ።

እሱ ያናግረኛል። "ልየው፣ ይህ ዛፍ ምን ይባላል?" ይላል። ዝም። "እኛ አገር ዛፍ ጥቂት ነው፤ ደንገልና ሸንበቆ ነው ያለው።" ዝም። "ደንገል ታውቃለህ?" ዝም። ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። "አያውቅም። ይወቅ እንጂ።"

የነሐሴ ሌላው ጣጣ ጅራፍ ነው። ቡሄ ሊደርስ ሲል ልጅ ሁሉ ጉብታ ላይ ወጥቶ ጅራፍ ያጮሃል፤ ከዚህ ጉብታ ወደዚያ ጉብታ ይመላለሳል። እኔ ቅል ተሸክሜ ከታች አልፋለሁ። የአያ በላይ ልጅ "ልየው ውሃ ቀጂዋ!" ብሎ ጮኸብኝ። ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነዋ። ያን ቀን አለቀስሁ፤ በዝናም ስለሆነ አላስታወቀብኝም ብዬ ነበር። በማግስቱ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ አያ ይስማው ጅራፍ ሰጠኝ። ሲጎነጉን አምሽቷል። ከቃጫ አልነበረም፣ ከደንገል ነው፤ ከደልጊ ሲመጣ ገመድ አደርገዋለሁ ብሎ ጠቅልሎ ያመጣው ደንገል ነበረው። ጉብታው ላይ ወጥቼ ወነጨፍሁት። ፉት አለ እንጂ አልጮኸም። ደግሜ ወነጨፍሁት። ፉት። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ በሳቅ።

"ታንኳ ሲሠራበት ጠንካራ ነው" አለ አያ ይስማው አገጩን እያከከ። እኔ ጅራፉን ወረወርሁት። አንሥቶ ቆሻሻውን ጠረገና ወገቡ ላይ አሰረው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤት ከገባን በኋላ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ደራሽ ጎርፉ ጫካውን ሰንጥቆ ሲወርድ እቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ። በአምስተኛው ቀን ስንሄድ ከዶቅማዎቹ ወዲያ መንገዱ የለም። ተራራው ጎኑን ጥሏል። ቀዩ አፈር ከላይ ጀምሮ እስከ ገደሉ አፋፍ ተዘርግቷል፤ አንድ ዛፍ እንኳ አልተረፈበትም። ከገደሉ ሥር ወንዙ ይጮሃል። ያን ቀን ከናዳው በላይ ዞርን፤ በሳማ ውስጥ። አያ ይስማው ሳማውን በዱላ እያጋደመ ፊት ፊት ሄደ፤ እጁም አንገቱም ተለበለበ። ቅሉን በሰላም አስገባን።

"መሬት ሳይነካ መጣልኝ?" አለች እናቴ። በየቀኑ የምትጠይቀው ይህን ነው።

"ሳይነካ መጣ" አልሁ። ጠጣች። ቀና ብላ ጠጣች ያን ቀን፤ እኔም አምስት ጣቴን ቆጥሬ ሁለት ቀረ አልሁ።

ስድስተኛው ቀን ነሐሴ ስምንት ነው። ስንሄድ በሳማው ዞረን አለፍን። ፏፏቴው ዘንድ ሳለን እንደገና ዘነበ። ስንመለስ የላይኛው ማለፊያችንም ወርዷል። አሁን በናዳው መሐል መሻገር ብቻ ነው የቀረው። ስፋቱ የአንድ አውድማ ያህል ነው፤ ብዙ አይደለም። አፈሩ ግን ይሄዳል፤ ስትረግጠው አብሮህ ወደ ገደሉ መሄድ ይፈልጋል።

እኔ ቀላል ነኝ፣ ቀደምሁ። ቅሉን በሁለት እጄ ሆዴ ላይ አቅፌ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጥሁ መሐሉ ደረስሁ። አያ ይስማው ከኋላዬ ነው። የሆነ ነገር ቧ ሲል ዞርሁ፤ የለም። ከእኔ በታች፣ አንድ ሰው ቁመት ያህል ወርዶ፣ አንድ የተቆረጠ የዶቅማ ሥር ይዞ በሆዱ ተለጥፏል። እግሩ ከገደሉ አፋፍ ወጥቷል።

"ልየው፣ ቅሉን!" አለኝ መጀመሪያ።

"ይዤዋለሁ!"

"አጥብቀህ ያዘው።"

"አንተስ?"

"እኔማ አለሁ" አለ። ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም።

"ውጣ እንጂ አያ!"

"የምረግጠው አጣሁ። አንተ ሂድ። ውሃውን አድርስና አያ በላይን ጥራልኝ።"

ቤት ለመድረስ ከሰዓት በላይ ነው። የያዘው ሥር ደግሞ ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጭ አለ። ክሩ አንድ አንድ እያለ ሲበጠስ አየዋለሁ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ቅሉን የምሰቅልበት ቅርንጫፍ የለም፤ ሁሉን ጎርፍ ወስዶታል።

እዚህ ላይ አልዋሽም። ቆምሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም፤ ትንፋሽ ይሁን ጸሎት ያህል ይሁን አላውቅም። ጠልቼው አልነበረም የቆምሁት፤ ያን ጊዜ እሱን መጥላት ትዝም አላለኝ። እናቴን ነው ያሰብሁት። ጠፍሩን ልጥልለት ብዬ ይህን ውሃ ካወረድሁ እገድላታለሁ አልሁ። ካላወረድሁ ደግሞ እሱ ይሞታል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ማን ጠይቆት ያውቃል? ሥሩ ሦስተኛ ጊዜ ቀጭ አለ።

በተረከዜ ጉድጓድ ቢጤ ጫርሁና ቅሉን አስቀመጥሁት።

"ልየው! አታውርደው! ልጄ አታውርደው!" ይላል እሱ ከታች።

"ዝም በል!" አልሁት። ለትልቅ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

ጠፍሩን ከደረቴ ልፈታ ስል ቋጠሮው ርሶ እምቢ አለ። በጥርሴ ጎተትሁት፤ የቆዳና የላብ ጨው ዋጥሁ፤ ጾሜም በዚያው ፈረሰ። አፈሩ ውስጥ የተቀበረ የበሬ ራስ የሚያክል ድንጋይ ነበር፤ ጠፍሩን ከቅሉ አላቅቄ አዙሬበት አሰርሁ፣ ጫፉን ወረወርሁለት። ያዘው። እኔ በድንጋዩ ላይ ተኛሁበት፤ ክብደቴ የማይረባ ቢሆንም ተኛሁበት። እየተሳበ መጣ። ፊቱ ፊቴ ጋ ሲደርስ አፉ አፈር ሞልቶ ነበር።

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ጉል ጉል ጉል። ቅሉ ዘሞ ውታፉ ወጥቷል። ዞሬ ሳየው የመጨረሻውን ጠጥቶ አፈሩ ዝም አለ።

ሁለታችንም ያን ቅል አየነው። በጥፊ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጉንጬንም አዘጋጀሁ። እሱ ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ።

"ዛሬ ስምንት ነው?"

"ስምንት ነው።"

"ነገ ዘጠኝ። ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ..." ዐሥራ አምስት ላይ ሲደርስ ሰባት ጣት ሞላ። ዐሥራ ስድስት ጾሙ ይፈታል። "ይደርሳል" አለ። "ነገ ከጀመርን ልክ ይደርሳል። ከነገ ካለፈ ግን አይደርስም።"

ተነሥቶ ሊቆም ሲል ጮኸና ተቀመጠ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል። እኔ ከኔ ወዲያ ያለውን ግማሽ ናዳ አየሁ፤ ገና መሻገር አለብን። እሱም አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

"ልየው፣ ገደሉ ይዞራል ወይስ ቆሟል?"

"የቱ ገደል?"

"ይሄ።"

"ቆሟል።"

"ለኔ ይዞራል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።" ዓይኑን እንደጨፈነ ነው የሚያወራው። "ሐይቅ ላይ ማዕበል ቢመጣ ቁጭ እላለሁ፤ ታንኳው ሲወዛወዝ አብሬ እወዛወዛለሁ። ከፍታ ግን አልችልም። እኛ አገር ከፍ ያለ ነገር የቤት ጣራ ነው።"

"ታዲያ ከቋጥኙ ኋላ..."

"አስመልሳለሁ። ባዶ ሆድ ምን ይወጣዋል፤ ሐሞት ነው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ እመጣለሁ። አንተ እንዳታይ ብዬ ነው፤ የሚፈራ ሰው እየመራህ መሆኑን ካወቅህ አንተም ትፈራለህ።"

ስድስት ቀን ሙሉ ሌባ ያደረግሁት ሰው ነው። ትከሻዬን ሰጠሁት። ዓይኑን ሳይገልጥ በአንድ እጁ ትከሻዬን፣ በሌላው ጠፍሩን ይዞ፣ እኔ "ግራ፣ አሁን ቀኝ፣ ድንጋይ አለ፣ ቁጭ በል" እያልሁ ተሻገርን። እንደ ሕፃን ተንፏቀቅን ብል ይሻላል። ወዲያኛው ደርሰን ዶቅማ ሲይዝ ዓይኑን ገለጠ። "ቀዛፊ ትሆናለህ" አለኝ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እናቴ መደቧ ላይ በክንዷ ተደግፋ በሩን ስታይ ነበር። እሱ በኔ ተደግፎ ሲገባ አየች፤ ቅሉም ቀላል መሆኑን አየች። ያን የሁልጊዜ ጥያቄዋን አልጠየቀችም።

"ዛሬ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለ አያ ይስማው ሳይቀመጥ። "ስወድቅ ልጁን መታሁትና ፈሰሰ።"

"ውሸቱን ነው!" አልሁ። "እኔ ነኝ። እኔ ነኝ መሬት ያስቀመጥሁት።"

"ለምን አስቀመጥኸው?" አለች እናቴ።

"ጠፍሩን ልፈታ።"

"ጠፍሩን ለምን?"

"እሱን ላወጣበት። ከገደል።"

ጋቢዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ለውሃው ያለቀሰች መሰለኝ። ከዚያ እጇ ከጋቢው ሥር ወጣና መሬት መሬቱን ዳሰሰ፤ የአያ ይስማውን እግር ፈልጎ አገኘው። ከእብጠቱ የተነሣ የቀኙ በረባሶ አልወልቅ ብሎ ማሰሪያውን በቢላ ቆርጬለት በሩ አጠገብ ጥዬዋለሁ።

"ይሄን ያህል አብጧል?" አለች።

"ያልፋል።"

"በቃ። በዚያ መንገድ ሰው አይሄድም። አንዱን ባሌን ቀብሬ እንባዬ ገና አልደረቀም።"

"ነገ ካልተጀመረ አይደርስም እኮ እናኑ።"

"አይድረስ።"

"ይደርሳል።"

"በምን እግርህ?"

"በግራው።"

"ልጁስ?"

"ልጁን ብቻውን አልሰድም። እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ።"

ጋቢውን ከፊቷ ገፈፈችው። ድምፅ አልነበራትም፤ ግን ጮኸች። "መንገዱ እኮ የለም! ይስማው፣ መንገዱ የለም! በምን ላይ ነው የምትሄደው?"

እሱ እንደማይቀር ግን እኔ አውቄያለሁ፤ ስድስት ቀን እያስመለሰው የሄደ ሰው በአንድ እግሩም ይሄዳል። ቆሎዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። የእናቴ ሕመም ምን እንደሆነ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፤ ድሬሰሩም፣ ቄስ ሞላም። የፀበሉንም ነገር በራሴ ስተረጉም ተሳስቼ ነበር። ይህ የዛሬው ግን ገባኝ። መንገዱ የለም አለች። መንገድ መሥራት ደግሞ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም እንደተኙ ተነሣሁ። ባዶውን ቅል ጀርባዬ ላይ አሰርሁ፣ ዶማውን ከግድግዳው አወረድሁ፣ በሩ አጠገብ የወደቀውን የቀኝ እግር በረባሶ አነሣሁና ወጣሁ። ዶማው ከኔ ይረዝማል፤ ግማሹን መንገድ ጎተትሁት። ናዳው ዘንድ ስደርስ ቀይ አፈሩ ትናንት ካየሁት ጠንክሮ ነበር፤ ሌሊቱን አልዘነበም። የገደሉን ወገን ትቼ ከተራራው ወገን ጀመርሁ። የማወጣውን አፈር ወደ ገደሉ በኩል እንደ ግንብ እከምረው ጀመር፤ አያ ይስማው በዳገቱ በኩል ተጠግቶ ሲሄድ ወደ ታች እንዳያይ። የመጀመሪያውን እርከን ቆፍሬ ለልክ በረባሶውን አስቀመጥሁበት። ተረከዙ ከጠርዙ ወጣ። በረባሶውን አነሣሁና እርከኑን አሰፋሁት።